ስኩዌር ወረቀት፣ እርሳስና 40 የሚዛን ደረሰኞች፦ በጅማ ስለተከታተልሁት የስታቲስቲክስ ሥልጠና

የመመረቂያ ጥናቴን ረቂቅ ለአማካሪዬ ባስገባሁ በሳምንቱ ወረቀቱ ሲመለስልኝ፣ በአራተኛው ምዕራፍ ከነበሩት ስድስት ግራፎች በአምስቱ ጎን በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ይህ ምን ይነግረናል?» ግራፎቹን የሠራልኝ በዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ካሉት የኮምፒዩተር ቤቶች አንዱ ነው። የተሞሉትን መጠይቆች በፌስታል ይዤ ሄጄ፣ በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ቀለም ያለው፣ ጎኑ እንደ ድፎ ዳቦ የወፈረና ወደ ኋላ የተጋደመ ክብ ግራፍ ተረክቤ ተመለስሁ። በወቅቱ ግራፉ አምሮኝ ነበር፤ ገንዘቡንም ሳልከራከር ከፍያለሁ። ቤቱን አልወቅስም። ከመረጃው ምን ማወቅ እንደምፈልግ እኔ ራሴ ሳልወስን ያስረከብሁትን ጥሬ መረጃ ሌላ ሰው ሊወስንልኝ አይችልም ነበር።

ኮቺ ከሚባለው የጅማ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የግል ማሠልጠኛ የሚሰጠውን «መረጃን ማደራጀትና በግራፍ ማሳየት» የተባለ አጭር ሥልጠና እንድከታተል ያደረገኝ ይኸው የቀይ እስክሪብቶ ጥያቄ ነው። የማሠልጠኛውን ስም የማልጠቅሰው መልካሙን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ስለምናገር ነው። ሥልጠናው ስድስት ቅዳሜዎችን የፈጀ ሲሆን፣ በየሳምንቱ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት ይሰጥ ነበር፤ ክፍያውም በጠቅላላው 1,800 ብር ነበር። ከ20 በላይ የሆንነው ተሳታፊዎች አብዛኞቻችን የዘንድሮ ተመራቂዎች ብንሆንም፣ ከጤና ጣቢያ የመጡ መዝገብ ያዦች፣ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛና ሁለት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ነበሩ። መምህሩ በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ጥያቄ በአፋን ኦሮሞ ሲቀርብላቸው በዚያው ቋንቋ መልሰው፣ ለቀረነው ደግሞ ይደግሙልናል። ይህ ጊዜ ቢወስድም፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መስማት በስታቲስቲክስ ትምህርት ጉዳት የለውም።

ከሌሎች ተመሳሳይ ሥልጠናዎች ይህን የሚለየው፣ ከስድስቱ ቅዳሜዎች አምስቱ ያለ ኮምፒዩተር ማለፋቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን የታደለን አንድ ስኩዌር ወረቀት፣ እርሳስና መምህሩ ለልምምድ ያዘጋጁት የ40 ቁጥሮች ዝርዝር ነበር። ቁጥሮቹ 40 ገበሬዎች በአንድ ቀን ለእሸት ቡና መረከቢያ ያስመዘኗቸውን ኪሎዎች የሚወክሉ ሲሆኑ፣ ትንሹ 12፣ ትልቁ 87 ኪሎ ነው። አንዳንዶቻችን ላፕቶፕ ይዘን መጥተን ስለነበር ቅር ተሰኝተናል፤ አንድ ወጣት እንዲያውም በሻይ ዕረፍት ሰዓት ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠይቆ ነበር። እኔም በዚያ ቀን ከእሱ ብዙ አልራቅሁም።

ቅሬታዬ የጠፋው መደብ፣ ማለትም ቁጥሮቹ የሚቧደኑበትን ክልል መምረጥ ስንጀምር ነው። መጽሐፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ኸርበርት ስተርጅስ ባቀረበው ቀመር የመደቦችን ብዛት ማስላትን ነው፤ የቁጥሮቹ ብዛት ሎጋሪዝም በ3.322 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። ለ40 ቁጥሮች ውጤቱ 6.3 ገደማ ነው። በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ርቀት 75 ስለሆነ፣ ለ6.3 ሲካፈል ወደ 12 የሚጠጋ የመደብ ስፋት ይሰጣል። በዚህ መሠረት ከ12 እስከ 23፣ ከ24 እስከ 35፣ ከ36 እስከ 47 እያልን እስከ 95 ድረስ ሰባት መደቦችን አሰመርን፤ ከዚያም በየመደቡ የወደቁትን ቁጥሮች አራት ቋሚ ጭረት፣ በአምስተኛው ደግሞ አግድም እያልን ቆጠርን። ድግግሞሹ በቅደም ተከተል 9፣ 12፣ 8፣ 5፣ 3፣ 2 እና 1 ሆነ። ድምሩ 40 መሆኑን ሦስት ጊዜ እንድናረጋግጥ የተደረግነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቆጠራ ከእኛ መካከል 40 ያገኘነው ግማሽ እንኳ አንሞላም ነበር።

ሰንጠረዡ አምሮ ከተሠራ በኋላ መምህሩ ያንኑ ዝርዝር ግንድና ቅጠል በሚባለው፣ አሜሪካዊው ጆን ቱኪ ባስተዋወቀው ዘዴ እንደገና እንድንጽፈው አዘዙ። በዚህ ዘዴ የአሥር ቤቱ አኃዝ እንደ ግንድ በግራ ይቆማል፤ የአንድ ቤቱ አኃዝ ደግሞ እንደ ቅጠል በቀኝ ይደረደራል፤ ስለዚህ መረጃው ሲደራጅ እያንዳንዱ ቁጥር ማንነቱን አያጣም። ጽፈን ስንጨርስ ቅጠሎቹ ሁሉ 0 እና 5፣ እንደገናም 0 እና 5 ሆነው ታዩን። ከ40ዎቹ 21ዱ በእነዚህ ሁለት አኃዞች የሚያልቁ ነበሩ፤ ሚዛኑ በትክክል ቢነበብ ግን ከአሥር አኃዞች የሁለቱ ድርሻ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 8 ያህል ብቻ መሆን ይገባው ነበር። መምህሩ ሆን ብለው የጨመሩት ጉድለት ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የነበረው የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ራሱን እየነቀነቀ «ይህማ የእኛው ሚዛን ነው» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

ትምህርቱ በሳቁ ላይ አላበቃም። ከ24 እስከ 35 ያለው መደባችን በ5 የሚካፈሉ ሦስት ቁጥሮችን፣ 25፣ 30 እና 35ን ይይዛል። ከ12 እስከ 23 ያለው ግን 15 እና 20ን ብቻ፣ ከ36 እስከ 47 ያለውም 40 እና 45ን ብቻ ይይዛል። እንግዲህ በሂስቶግራማችን፣ ማለትም የየመደቡን ድግግሞሽ በተነካኩ ዓምዶች በሚያሳየው ግራፋችን ላይ እንደ ጉብታ ብቅ ያለው የ12 ድግግሞሽ፣ በከፊልም ቢሆን የመዛኙ የማጠጋጋት ልማድና የእኛ የመደብ ስፋት ተገናኝተው የፈጠሩት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስፋቱ 10 ሆኖ ከ10 ቢጀምር ኖሮ እያንዳንዱ መደብ በ5 የሚካፈሉ ሁለት ሁለት ቁጥሮች እኩል ይደርሱት ነበር። ቀመሩ 12 ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ ቀመሩ ስለ ሚዛኑ የሚያውቀው ነገር የለም እንጂ። ይህ ጉዳይ ለቡና ብቻ የሚሠራ እንዳልሆነም ተነግሮናል፤ በሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸውን በትክክል የማያውቁ ሰዎች 30፣ 35፣ 40 እያሉ ስለሚመልሱ፣ የነጠላ ዕድሜ ግራፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። ለእኔ የ1,800 ብሩ ዋጋ በዚህ አንድ ጠዋት ተመልሷል።

ሦስተኛውን ቅዳሜ የያዙት ሂስቶግራም፣ የየመደቡን መሐል ነጥብ በመስመር የሚያገናኘው የድግግሞሽ ፖሊጎንና ኦጃይቭ ናቸው። ሂስቶግራም ሲሣል ዓምዶቹ እንዲነካኩ የሚያደርገው የመደብ ድንበር ምን እንደሆነ የገባኝ በእርሳስ ሳሰምረው ነው፤ ከ12 እስከ 23 የተባለው መደብ በወረቀቱ ላይ ከ11.5 ተነሥቶ 23.5 ላይ ያበቃል፤ ቀጣዩም ከዚያው ይነሣል። የድምር ድግግሞሹን መስመር፣ ማለትም ኦጃይቩን ስንሥል ግን አብዛኞቻችን ተሳሳትን። ነጥቦቹን በየመደቡ የላይኛ ድንበር ላይ ማኖር ሲገባን፣ ለፖሊጎኑ እንዳደረግነው መሐል ለመሐል አኖርናቸው። የስሕተቱን መጠን መምህሩ ያሳዩን ከራሳችን ሥዕል ነው። በትክክል ከተሣለው መስመር ላይ 20ኛውን ገበሬ ይዘን ወደ ታች ስንወርድ ሚዲያኑ፣ ማለትም ገበሬዎቹን እኩል ለሁለት የሚከፍለው ክብደት 34.5 ኪሎ ሆኖ ይነበባል፤ ከተሳሳተው ላይ ግን በመደቡ ግማሽ ስፋት፣ ማለትም በ6 ኪሎ ወርዶ 28.5 ይሆናል። አማካዩ ከሰንጠረዡ ሲሰላ 38.8 ኪሎ ነው። ከሚዲያኑ መብለጡም ብዙ ያስመዘኑት ጥቂት ገበሬዎች ወደ ቀኝ ስለሳቡት መሆኑን ሂስቶግራሙ በቀኝ በኩል በተዘረጋው ጅራቱ ያሳያል።

ክብ ግራፍን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሥልጠናውም ብዙ አላለበትም። እ.ኤ.አ. በ1801 የስኮትላንዱ ዊልያም ፕሌይፌር እንዳስተዋወቀውና 30 በመቶ 108 ዲግሪ እንደሚሆን ተነግሮን፣ በፕሮትራክተር አንድ ሠርተን አለፍን። ያቺን ዘጠኝ ቀለም ድፎ ዳቦዬን ለመምህሩ ባሳየኋቸው ጊዜ ግን ጠጋ ብለው ካዩ በኋላ፣ ከፊት ለፊት ያለው ቁራሽ ወፍራም ጎኑ ስለሚታይ ከኋላ ካለው እኩያው ገዝፎ እንደሚታይ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ከዚያም ዘጠኙን ምድቦች ከትልቅ ወደ ትንሽ በተደረደረ ባር ግራፍ እንድለውጣቸው መከሩኝ። ለውጬ ስመለከተው ሦስተኛና አራተኛ የመሰሉኝ ምድቦች ቦታቸው የተገላቢጦሽ ነበር።

የባር ግራፍ ክፍለ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ከተማችንን የነካ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የጅማ ከተማ ሕዝብ 120,960 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 60,824 ወንዶችና 60,136 ሴቶች ነበሩ። ይህን በሁለት ዓምዶች እንድንሥል ታዘዝን፤ ክፍሉም ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ቋሚውን መስመር ከዜሮ፣ የቀሩት ከ60,000 እንዲያስጀምሩ ተነገራቸው። ከዜሮ የጀመርነው ሁለት እኩል የሚመስሉ ዓምዶች ሠራን፤ ልዩነታቸው 688 ሰው ብቻ ስለሆነ በእርሳስ ውፍረት ይሸፈናል። ከ60,000 የጀመሩት ግን የወንዶቹ ዓምድ ከሴቶቹ ስድስት እጥፍ የሚረዝምበትን ሥዕል አወጡ፤ ምክንያቱም የሚነጻጸሩት 824 እና 136 ሆነው ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ሲለጠፉ አንዲት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ «እኛ በየሩብ ዓመቱ የምንልከው የትኛውን ነው?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት የተነሣው የጳጉሜን ነገር ለእኔ አዲስ ነበር፤ ከውጭ በመጡ መማሪያዎችም ሊገኝ አይችልም። አንድ ጤና ጣቢያ በየወሩ ያስተናገዳቸውን ሰዎች በ13 ዓምዶች የሚያሳይ ግራፍ ሲሠራ፣ የመጨረሻው ዓምድ ሁልጊዜ ገደል የገባ ይመስላል። በምሳሌ ለማስረዳት፣ በ30 ቀን 240 ሰው ያስተናገደ ጣቢያ በአምስቱ የጳጉሜን ቀናት 45 ሰው ቢያስተናግድ፣ በቀን ሲታሰብ ሥራው ከ8 ወደ 9 አድጓል፤ ዓምዱ ግን ከአንድ አምስተኛ በታች ወርዶ ይታያል። መፍትሔው ሁሉንም ወሮች በቀን አማካይ ማሳየት ነው። ይህም የመደቦች ስፋት እኩል በማይሆንበት ጊዜ የሂስቶግራም ዓምድ ቁመት ሳይሆን ስፋቱና ቁመቱ ተባዝተው የሚሰጡት ይዘት ድግግሞሹን መወከል አለበት ከሚለው ሕግ ጋር አንድ መሆኑን መምህሩ በጥሩ ሁኔታ አያይዘው አስረዱ። ሕጉን በኮሌጅ ተምሬው ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ጳጉሜን ስትመጣ ግን አላወቅሁትም ነበር።

የምድብ መረጃን ስለ ማደራጀት የተሰጠው ትምህርት ሌላው ልጠቅሰው የሚገባ ነው። የቀበሌ ስም በመጠይቅ ሲሞላ አንዱ «ሂርማታ»፣ ሌላው «ሒርማታ»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ሲጽፈው፣ ለአንባቢ አንድ የሆነው ሰፈር ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰፈር ይሆናል፤ ግራፉም ሦስት አጫጭር ዓምዶች ያወጣል። እኔ በጥናቴ ውስጥ ከነበሩት ዘጠኝ ምድቦች ሁለቱ እንዲህ ያሉ መንትዮች መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ቅደም ተከተል ያላቸው መልሶችም በፊደል ተራ ሲደረደሩ ይዛባሉ፤ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» የሚለው መልካም ተራ በሀ፣ ሁ ሥርዓት ሲሄድ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ ይሆናል። ስለዚህ ከሰንጠረዡ በፊት ለእያንዳንዱ መልስ ቁጥር መስጠት፣ ቁጥሩ የሚወክለውንም በአንድ ገጽ ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልመለስ። ለኮምፒዩተር የተመደበው ስድስተኛው ቅዳሜ ከዕቅዱ ግማሹን እንኳ አላሳካም። ኮምፒዩተሮቹ ለሦስት ሰው አንድ ይደርሱ ነበር፤ መብራት ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ሄደ፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ ከኋላ ላለን አይሰማም ነበር። መብራቱና ዝናቡ የማንም ጥፋት አይደሉም፤ በሰኔ ጅማ ላይ ለሥልጠና የሚከፍል ሰው ግን ሁለቱንም የሚጠብቅ ዕቅድ ቢያገኝ መልካም ነው። በተረፈችው ሰዓት የተማርነው በኤክሴል የተለመደውን የዓምድ ግራፍ ሠርቶ በዓምዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ወደ ዜሮ በማውረድ ሂስቶግራም ማስመሰልን ነው። «ኤክሴል 2016» የተባለውና ከዚያ በኋላ የወጡት ዕትሞች ሂስቶግራምን ራሱን የቻለ የግራፍ ዓይነት አድርገው እንደያዙ ግን በችኮላ ተጠቅሶ ታለፈ።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የቀን አጻጻፍ ጉዳይ ጊዜ ማጣቱ ነው። ፕሮግራሙ ያስገባነውን ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚያነበው፣ መጋቢት 12 ቀንን 12/7 ብለን ስናስገባ ጁላይ 12 አድርጎ ይቀበላል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ስናስገባ ግን የካቲትን የመሰለው ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን ሳይቀበል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ሲደረደርም ወደ መጨረሻ ይጥለዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መዝገብ ለሚይዝ ሰው ይህ አንድ ሙሉ ጠዋት የሚገባው ርዕስ ሆኖ ሳለ፣ በተሰብሳቢ ጥያቄ ብቻ ተነሥቶ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ አምዶች ጻፉ በሚል አጭር ምክር ተዘጋ። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም እየሠራሁበት ነው።

የታደለው ማስታወሻም እርማት ይፈልጋል። በገጽ 7 ላይ ያለው የምሳሌ ሰንጠረዥ ከ10 እስከ 20፣ ከ20 እስከ 30 እያለ የሚሄድ ስለሆነ 20 የሚለው ቁጥር በየትኛው መደብ እንደሚቆጠር አይታወቅም፤ መምህሩ በቃል ያረሙት ቢሆንም ወረቀቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። በአንጻሩ በመጨረሻው ገጽ የተሰጠው የፍራንሲስ አንስኮምብ ምሳሌ ደጋግሜ ያየሁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የቀረቡት እነዚህ አራት የቁጥር ስብስቦች እያንዳንዳቸው 11 ጥንዶችን የያዙ ሲሆኑ፣ የአንዱ ተለዋዋጭ አማካይ በአራቱም 9፣ የሌላው 7.5 ገደማ ነው፤ ሲሣሉ ግን አንዱ በቀጥ ያለ ሰልፍ ዙሪያ የተበተነ፣ አንዱ ቅስት፣ አንዱ ከሰልፉ ያፈነገጠ አንድ ነጥብ ያለው፣ አንዱም ከአንዲት ነጥብ በቀር እንደ ምሰሶ የቆመ ሆነው ይወጣሉ።

ከአምስት ኮከብ አራት ልሰጥ አስቤ ለስድስተኛው ቅዳሜ ግማሽ ኮከብ ቀንሻለሁ። ሶፍትዌር ለመልመድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው ይሻለዋል። መጠይቅ ሰብስቦ ከየት እንደሚጀምር የጨነቀው ተመራቂና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚያዘጋጅ መዝገብ ያዥ ግን በጅማ ከዚህ የተሻለ የወረቀት ትምህርት በቀላሉ የሚያገኙ አይመስለኝም። አማካሪዬ አራተኛውን ምዕራፍ እንደገና ሲመልሱልኝ ቀይ ቀለም የነበረው በሁለት ግራፎች ላይ ነው፤ አንዱም የኦጃይቩ ርዕስ ስላነሰው ነው።

ለሚመዘገብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ማሠልጠኛው የሚያድለው ስኩዌር ወረቀት የፎቶ ኮፒ ስለሆነ ካሬዎቹ በአንድ ወገን ሳብ ብለዋል። በማስመሪያ ብትለኩት አሥሩ ካሬ በአግድም ከቁመቱ ይረዝማል፤ ክብ ግራፍ ላይ ባይታወቅም ሂስቶግራም ላይ ያስታውቃል። በጅማው መርካቶ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የታተመውን ገዝቶ መሄድ ይሻላል።